ዋይፋይ አለ፣ ቪዲዮው ግን አይሄድም

እሁድ ረፋድ ላይ አክስቴ ደወለች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቡናውን ገና አልጣደችም። «ያ ከአሜሪካ የመጣው ዕቃ እንቢ አለኝ፤ ና እስቲ» አለች። ዕቃ ያለችው ልጇ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሰው የላከላትን ስቲክ ነው። ቁመቱ ጣት አያህልም። ከቲቪው ጀርባ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ላይ ይሰካል፣ ከዋይፋይ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ዩቲዩቡም መዝሙሩም ፊልሙም በትልቁ ስክሪን ይመጣል። ሲወራ ቀላል ነው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ዋይፋይሽን አላገኘሁትም ይላል። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ እያየሁት ነው። ማን ነው የሚዋሸው?»

ማንም አልዋሸም። ስልኩም ስቲኩም ልክ ነበሩ። እንዴት እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር እናጥራ።

ሮቶና ጎማ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ስትሪሚንግን ለመረዳት አይቸገርም። ስትሪሚንግ ማለት ቪዲዮውን አውርዶ ጨርሶ ሳይሆን እየወረደ ማየት ነው። ማጫወቻው፣ ማለትም ስቲኩ ወይም ስልኩ፣ እኛ ካለንበት ቦታ ቀድሞ ጥቂት ያጠራቅማል። ይህ ክምችት ሮቶ በሉት። መስመሩ ለአፍታ ቢጠፋ ከሮቶው እየተቀዳ ቪዲዮው ይቀጥላል፤ እኛም አናውቅም። ሮቶው ባዶ ሲሆን ያቺ ክብ መሽከርከር ትጀምራለች።

ከመድረቁ በፊት ግን ምስሉ ይደበዝዛል። ይህ ብልሽት አይደለም። ቪዲዮው ላኪው ጋ የተቀመጠው ጥቂት ሰከንድ ብቻ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቷል። ማጫወቻው ውሃው እንደቀጠነ ሲያይ ቀጣዩን ቁራጭ ዝቅ ባለ ጥራት ይጠይቃል። የተናጋሪው ፊት በድንገት ሲደበዝዝ ማጫወቻው «ከሚቆምብህ ይደብዝዝብህ» እያለ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው። ውሃ ቤታችን ለመድረስ ሁለት መንገድ ያልፋል። ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪው ያለው አንድ ነው። ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤት የምንዘረጋው ጎማ ሌላ ነው። ኢንተርኔት የመጀመሪያው ነው፤ ከቴሌ እስከ ራውተሩ (ቤት ውስጥ ዋይፋዩን እስከሚያሰራጨው ሣጥን) ድረስ። ዋይፋይ ሁለተኛው ነው፤ ከራውተሩ እስከ ቲቪው ያለው ጎማ። እኛ ግን ሁለቱንም «ዋይፋይ» እንላለን። «የዋይፋይ ተከፈለ?» ይባላል። የሚከፈለው ለኢንተርኔቱ ነው እንጂ ዋይፋዩስ በራሳችን ቤት፣ በራሳችን ራውተር የሚሠራ ነጻ ነገር ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትታየው የማራገቢያ ቅርጽ ያላት ምልክት የምትናገረው ስለ ጎማው ብቻ ነው። ጎማው ከቧንቧው ጋር በደንብ ተገጥሞ ቧንቧው ውስጥ ጠብታ ላይኖር ይችላል። «ሲግናሉ ሙሉ ነው እኮ!» ብሎ ከሪሞት ጋር መጣላት ከዚህ ይመጣል። የተገላቢጦሹም አለ። ኢንተርኔቱ ደህና ሆኖ ጎማው የታጠፈበት ሰው ቴሌን ይረግማል፣ ፓኬጁን ያሳድጋል፣ ገንዘቡ ይሄዳል፣ ክቧ ግን መሽከርከሯን አትተውም።

የቱ እንደተበላሸ ለመለየት ስልክ ይበቃል። ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኙትና የሞባይል ዳታውን አጥፉ። ይህቺን አትርሱ። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያዩ ዝም ብለው ወደ ሞባይል ዳታ ይሸጋገራሉ፤ እኛ ዋይፋዩ የሠራ ይመስለናል፣ ካርዱ ግን እያለቀ ነው። ከዚያ ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። እዚያም ካልሄደ ችግሩ ከውጭ ነው። ራውተሩ አጠገብ እየሄደ ቲቪው አጠገብ ከቆመ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱም ቦታ ከሄደ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ ይመርመር።

ከውጭ ለሚመጣው እኛ የምናደርገው ብዙ የለም። ፋይበር (ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣ ቀጭን ገመድ) የገባለት ቤት በሣጥኑ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚለውን መብራት ይይ። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው፤ ገመዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ ታጥፏል ወይም ተነቅሏል። ያኔ መፍትሔው ስልክ ደውሎ ባለሙያ መጠበቅ ነው። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ያለው ደግሞ መጀመሪያ ፓኬጁ ማለቁን ያጣራ፣ ቀጥሎ ራውተሩን ወደ መስኮት ያስጠጋ።

ስልኩ ያያል፣ ስቲኩ አያይም

አክስቴ ቤት ስደርስ ቡናው ደርሷል። ስልኬን አወጣሁ። የዋይፋዩ ስም ጉልህ ብሎ ይታያል። ስቲኩ ላይ የጎረቤት ዋይፋዮች ተደርድረዋል፤ የእሷ የለም።

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ እንዳለው ሁሉ ዋይፋይም ቻናል አለው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሚሠራው ዋይፋይ በአብዛኛው ዓለም ከ1 እስከ 13 ያሉ ቻናሎችን ይጠቀማል። አሜሪካ ግን ልማዱ እስከ 11 ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ዕቃዎች ቻናል 12 እና 13 ላይ ዋይፋይ አይፈልጉም። የአክስቴ ራውተር ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ተትቶ ነበርና ሰፈሩ ሲጨናነቅበት ሄዶ 13 ላይ ተቀምጧል። አዲስ አበባ የተገዛው ስልኳ ያየዋል። ከሜሪላንድ የመጣው ስቲክ ግን 13 የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ራውተሩን ገለበጥኩት። ታች በተለጠፈው ወረቀት ላይ በ192.168 የሚጀምር አድራሻና ፓስወርድ አለ። አድራሻውን ስልኬ ብሮውዘር ላይ ጻፍኩ፣ ገባሁ፣ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ቻናሉን ከአውቶ ወደ 6 ቀየርኩ። ስሙ ስቲኩ ላይ ብቅ አለ። አክስቴ «እልልል!» አለች፣ ቡና ቀዳችልኝ። ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር።

ለምን 6? ጎን ለጎን ያሉ ቻናሎች ይነካካሉ። አንዱ ሌላውን ሳይነካ የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። «ማንም ያልያዘው ነው» ብሎ 3 ወይም 4 ላይ የሚቀመጥ ሰው ከግራም ከቀኝም ሁለት ጎረቤት ይረብሻል፣ እነሱም እሱን ይረብሹታል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዋይፋይ የሚደክመው በከፊል በዚህ ነው። ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቷል፣ ሁሉም በአንድ አየር ላይ ያወራል።

ስሙ አለመታየቱ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አሁን ያሉት ራውተሮች አብዛኞቹ በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። ቆየት ያሉና ርካሽ የሆኑ ማጫወቻዎች 5ቱን ጨርሶ አያውቁም። ራውተሩ ሁለት ስም ካወጣ፣ አንደኛው መጨረሻው ላይ «5ጂ» የሚል ቅጥያ ያለው፣ ዕቃችሁ ያንን ላያየው ይችላል። በነገራችን ላይ ይህ «5ጂ» ከስልኩ 5ጂ ጋር ስም እንጂ ሥጋ አይዛመድም።

ሁለቱም የሚታዩት ከሆነስ የቱ ይሻላል? ማጫወቻው ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ወይም አንድ ግድግዳ ብቻ ማዶ ከሆነ 5ቱን ምረጡ። ፈጣን ነው፣ መጨናነቁም ያነሰ ነው። ራቅ ካለ 2.4ቱ ይሻላል፤ ግድግዳ አልፎ የመድረስ አቅሙ የተሻለ ነው። ማይክሮዌቭ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ምግብ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ ነው። ወጥ ሲሞቅ ፊልም የሚቆምበት ቤት አለ ብላችሁ አትሳቁ፣ እውነት ነው።

ፓስወርዱ ላይ ብዙ አልቆይም። በሪሞት ፊደል እየለቀሙ መጻፍ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ይለያያል፣ ዜሮ እና «ኦ» ይምታታሉ። ፓስወርዱ ልክ ሆኖ እንቢ ካለ የደህንነቱን ዓይነት እዩ። ደብሊውፒኤ 3 የሚባለው የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ማጫወቻ ላያውቀው ይችላል። ራውተሩን ወደ ደብሊውፒኤ 2 ወይም ሁለቱን ወደሚቀበለው ምርጫ መልሱት።

ሌላው የተለመደ ነገር «ተገናኝቷል፣ ግን አድራሻ አላገኘም» የሚለው ነው። ራውተሩ በሩ ላይ ለሚመጣ ዕቃ ሁሉ የወረፋ ቁጥር ይሰጣል። የማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ ቁጥር ስላልደረሰው ራሱ ለራሱ ፈጥሮ ነው። ሁለቱንም አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ኪስ ውስጥ የምትገባዋን ትንሿን የዋይፋይ ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የምትቀበለው ዕቃ ቁጥር የተወሰነ ነው፤ የእንግዳ ስልክ ሁሉ ተገናኝቶባት ቦታ ሞልቶ ይሆናል።

ብሎኬት፣ መስታወት፣ ቆርቆሮ

ሁለተኛውን ቡና ሳንጨርስ ክቧ መሽከርከር ጀመረች።

የአክስቴ ራውተር መኝታ ቤት ነው። ገመዱ በዚያ መስኮት ስለገባ እዚያው ቀረ። ከቁምሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣዎች መሃል፣ አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል ተደርጎለት። ቲቪው ሳሎን ቡፌው ውስጥ ነው። ስቲኩ ደግሞ ከቲቪው ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ። ዳንቴሉ ለሞገዱ ምንም አያደርገውም። ራውተሩ እንዲሞቅ ያደርጋል እንጂ። አንስቼው ቴርሞሱ ላይ አለበስኩት።

ሞገዱን የሚለካ አፕ ስልኬ ላይ አለ። ልኬቱ በዲሲቤል ነው፣ ቁጥሩም ከዜሮ በታች ይጻፋል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። እንደ ልምድ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ ከ67 ባይከፋ ይመረጣል። መኝታ ቤቱ በር ላይ ስለካ ከዜሮ በታች 58 አለ። ቡፌው ውስጥ ከቲቪው ጀርባ 79። ሃያ አንድ ትንሽ ልዩነት ትመስላለች። ግን በየ3 ዲሲቤሉ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሰባት ጊዜ በግማሽ ተከፈለ ማለት ነው። በሩ ላይ 128 እንጀራ ከነበረ ቲቪው ጀርባ የደረሰው አንድ እንጀራ ነው።

ማን በላው? የብሎኬት ግድግዳ ይበላል፤ ብረት ያለበት ኮንክሪት ደግሞ ከእሱ ይብሳል። የቁምሳጥኑ መስታወት ጀርባው በብረት ነገር የተቀባ ስለሆነ ሞገዱን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ከሁሉም የከፋው ግን ራሱ ቲቪው ነው። ጀርባው በአብዛኛው ሰፊ ብረት ነው፤ ስቲኩ ከዚያ ጋር ተለጥፎ በግድግዳና በብረት መሃል ታፍኗል። ከስቲኩ ካርቶን ውስጥ ማንም ልብ ያላለው አጭር የኤችዲኤምአይ መቀጠያ ነበር። ያቺ ገመድ ለጌጥ አልተሰጠችም። ስቲኩን ከቲቪው ጀርባ አውጥታ ወደ ጎን ለማንጠልጠል ነው። አደረግነው፣ 72 ሆነ። ራውተሩን ከቁምሳጥኑ አውርደን፣ ገመዱ እስከፈቀደ ድረስ ወደ በሩ አስጠግተን ክፍት መደርደሪያ ላይ ስናስቀምጠው 63 ገባ። ክቧ ቆመች። ሳንቲም አላወጣንም።

ከጓሮ ሰርቪስ ቤት የተከራየው ልጅ ግን ይህ አልበቃውም። ቤቱ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ለሞገድ መስታወት ነው፤ በመስኮትና በበር ስንጥቅ ካልሆነ አያስገባም። መሃል ላይ የተቀመጠው ሮቶ ደግሞ ውሃ ሲሞላ ሞገድ ይጠጣል። ልጁ ምልክቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ማራዘሚያ ሊገዛ ነበር። አትቸኩል አልኩት። ርካሾቹ ማራዘሚያዎች በአንድ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ በዚያው ይናገራሉ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለማይችሉ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ደግሞ የሚያስተላልፉት የደረሳቸውን ነው። ሞገዱ በሞተበት ቦታ ላይ ከተሰኩ ሬሳ ነው የሚያስተላልፉት። መሰካት ያለባቸው ሞገዱ ገና ደህና ባለበት፣ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ነው።

የእኔን ምክር ከጠየቃችሁ ገመድ የሚዘረጋበት ቦታ ካለ ገመድ ዘርጉ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ግድግዳ አያውቅም፣ ጎረቤት አያውቅም፣ ማይክሮዌቭ አያውቅም። ልጁ አርባ ሜትር ገዝቶ በአጥሩ ላይ አሳልፎ አስገባ። ቲቪ ቦክሱ (እንደ ስቲኩ ከቲቪ ጋር የሚገናኝ ማጫወቻ) የገመድ ቀዳዳ ስለነበረው እሱ ጋ ታሪኩ አለቀ። ወይም አለቀ ብለን ነበር።

የ2017 ጉዳይ

በሚያዝያ አንድ ቀን ይኸው ልጅ መጣ። ቲቪ ቦክሱ ከራውተሩ ጋር ተገናኝቷል። ገመዱ ደህና ነው። ስልኩ ይሠራል። ቦክሱ ላይ ግን ዩቲዩብ ሲከፈት «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ሌላው አፕም እንደዚያው።

ግማሽ ሰዓት ፈተሽኩ። ሪስታርት አደረግኩ፣ አድራሻውን አየሁ፣ ሁሉም ልክ ነው። በመጨረሻ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወዳለው ቀን ሄደ። ሚያዝያ ትክክል ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው። ዓመቱ 2017 ይላል።

ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ርካሽ ቦክሶች ብዙዎቹ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም። ኃይል ሲያጡ ሰዓታቸው ወደ ድሮ ይመለሳል፣ አንዳንዱ እስከ 1970 ድረስ። ሲበሩ ከኢንተርኔት ሰዓት መጠየቅ አለባቸው። የልጁ ቦክስ አውቶማቲኩ ጠፍቶ ነበርና ቀን አስገባ ብሎ ጠየቀው። ልጁም ዕለቱን ባወቀው ቁጥር አስገባ። ያኔ በእኛ 2017 ነዋ! ቦክሱ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

ታዲያ ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው? ዩቲዩብን የመሰለ አገልግሎት ስንከፍት ማጫወቻው በሩ ላይ መታወቂያ ይጠይቃል። «እውነት አንተ ዩቲዩብ ነህ?» መታወቂያው የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። እነዚህ መታወቂያዎች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፉም። ራሱን 2017 ላይ ያለ የሚመስለው ቦክስ በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ሲያይ «ይህ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰጥ ነው፣ ሐሰተኛ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ከዚያ ለእኛ የሚነግረን «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ነው። ዓመቱን አስተካክለን አውቶማቲክ ሰዓቱን አበራንለት። ሁሉም ወዲያው ሠራ።

ስንት ሜጋ ይበቃል?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው ቁጥር አለ። ለ480 ጥራት (ቁጥሩ ሲጨምር ምስሉ ይጠራል) 1.1 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ720 2.5፣ ለ1080 5፣ ለ4ኬ 20። ኔትፍሊክስ ለ1080 5፣ ለ4ኬ 15 ይላል። ባለ 32 ኢንች ቲቪ ያለው ሰው 4ኬ ፍለጋ መድከሙ ለእኔ አይገባኝም። ከሶፋው ላይ ሆኖ ልዩነቱን የሚያይ ዓይን ብርቅ ነው።

ግን ሜጋቢት እና ሜጋባይት አንድ አይደሉም። ፓኬጅ ሲሸጥ ፍጥነቱ በቢት ነው የሚነገረው። ፋይል ሲወርድ የምናየው በባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። ስለዚህ «10 ሜጋ ገዛሁ፣ የሚወርድልኝ ግን 1.2 ነው፣ ተበላሁ» የሚል ሰው አልተበላም፤ ለስምንት አላካፈለም።

ይህ ሂሳብ በሞባይል ዳታ ለሚያዩ ሰዎች የበለጠ ወሳኝ ነው። በ5 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ማየት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። የሁለት ጊጋ ፓኬጅ ገዝቶ ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ቲቪ ላይ ፊልም የከፈተ ሰው ታሪኩ መጋጋል ሲጀምር ፓኬጁ ያልቃል። 480 ላይ ቢያየው በሰዓት ግማሽ ጊጋ አካባቢ ነው። ስልክ ላይ ዳታ የምንቆጥበው ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ራሱ ዝቅ አድርጎ ስለሚያመጣልን ነው። ቲቪ ግን አይሰስትም፤ መስመሩ የቻለውን ያህል ያመጣል። ሴቲንግ ገብታችሁ ጥራቱን በእጃችሁ ወስኑት።

ከስልክ ወደ ቲቪ የሚላክበት መንገድም አለ፤ ካስት የሚባለው። ቀላል ነው፣ ግን ስልኩና ማጫወቻው አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ በእንግዳ ዋይፋይ፣ ሌላው በዋናው ከሆነ አይተያዩም። የእንግዳ ዋይፋይ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ካስት ካደረግን በኋላ እንደ ዩቲዩብ ያሉት አፖች ቪዲዮውን በስልኩ በኩል አያሳልፉም። ስልኩ «ይህን ክፈት» ብሎ ያዛል እንጂ ማጫወቻው ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣዋል። ስልኩ ጥሪ ቢቀበልም ፊልሙ የሚቀጥለው ለዚህ ነው።

ስለ ርካሾቹ ቦክሶች

አንድ ቀን ሌላ ወዳጄ አዲስ ቦክስ ገዛ። ካርቶኑ ላይ 8ኬ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ኔትፍሊክስ ሲከፍት ግን ምስሉ የድሮ ቪኤችኤስ ካሴት ይመስላል። ኢንተርኔቱን አሳደገ፣ ለውጥ የለም። ችግሩ ኔትወርክ አልነበረም። ኔትፍሊክስ ከፍተኛውን ጥራት የሚለቀው ፈትሾ ላጸደቃቸው ዕቃዎች ነው። ላልጸደቀ ቦክስ ከ480 በላይ አይልክም። መስመራችሁ 100 ሜጋ ቢሆንም።

ከጥራቱ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ ነገር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንዳንድ ስም የለሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈቱ ተንኮለኛ ሶፍትዌር ይዘው እንደሚመጡ ነው የገለጸው። ቦክሱ ፊልም እያሳየ በጎን የቤታችንን ኢንተርኔት ለማናውቀው ሰው መንገድ ያደርገዋል። ስለዚህ «ሁሉም ቻናል በነጻ» የሚል ቦክስ ሲያቀርቡላችሁ፣ ወይም ሲከፈት የጎግልን የደህንነት ጥበቃ አጥፉ የሚል ከሆነ፣ ይቅርባችሁ። ቀድማችሁ የገዛችሁት ካለ ቢያንስ የባንክ አፕ ያለበት ስልክ በሚጠቀምበት ዋይፋይ ላይ አታስገቡት፤ የእንግዳ ዋይፋዩ ለዚህ ይጠቅማል።

ከአሜሪካ ዕቃ ለሚላክላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። የሚሰካበትን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ የእኛን 220 ይችላል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። 120 ብቻ ካለ አትሰኩት። ስቲኩን ከቲቪው ዩኤስቢ ቀዳዳ ኃይል እየሰጡ ማሠራትም ይለመዳል። ቲቪዎቹ ብዙ ጊዜ በዚያ ቀዳዳ የሚሰጡት ግማሽ አምፔር ነው፤ ስቲኩ ደግሞ ዋይፋዩ ሲበረታ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሳይታሰብ ጠፍቶ የሚበራ ስቲክ ካላችሁ መጀመሪያ በራሱ አዳፕተር ሞክሩት።

አክስቴ አሁን ራሷ ባለሙያ ሆናለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቲቪውን ወዲያው አታበራም። ራውተሩ ተነስቶ ከቴሌ ጋር እስኪገናኝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ስቲኩ ቀድሞ ከተነሳ ዋይፋዩን ፈልጎ ያጣውና ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል፤ አንዳንዱም እንደገና እስኪጠፋ ድረስ አይሞክርም። እሷ ግን የስቲኩን ሶኬት ነቅላ ትጠብቃለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ «ራውተሩ አረንጓዴ በርቷል፣ ልሰካው?» አለችኝ። ልትጠይቀኝ ሳይሆን እንደምታውቅ ልታሳየኝ ነው። ስትሰካው ድምፁ በስልክ ይሰማኛል፤ መዝሙሩ ጀመረ።